የአዴ ልጅ የተናገረው

አምቦ፣ የዞኑ ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ሆኜ ስቀጠር በመጀመሪያ ያስተማሩኝ «እኔ» ማለትን ነው። ባለጉዳዩ «ዕቃውን አልወሰድኩም» ካለ አስተርጓሚ «አልወሰድኩም ይላል» አይልም። «አልወሰድኩም» ነው የሚለው፣ የተከሰሰው ራሱ ይመስል። ለመልመድ ጊዜ ወስዶብኛል። አንድ ቀን ሚስቱን የደበደበ የጭነት መኪና ሾፌር ቃል ስተረጉም «መታኋት፤ ጥፋቱ ግን የእሷ ነው» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ሾፌሩን ትተው እኔን በዓይናቸው በሉኝ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ አማተበች።

የችሎቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። እኔ የምጠራው ቋንቋውን የማይችል ሰው ሲመጣ ነው፤ ጭነት ይዞ የሚያልፍ ሾፌር፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሚነግድ ሰው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ጠበቃ። ሥራውን እወደው ነበር። ሁለት ሰዎች በእኔ አፍ ሲግባቡ፣ ወይም ባይግባቡም እንኳ ያልተግባቡበትን ነገር በትክክል ሲያውቁት፣ ደስ ይለኝ ነበር።

አፋን ኦሮሞን ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው የቻልኩት። የአባቴ አያት ከሰሜን ሸዋ መጥቶ አምቦ የቀረ ሰው ነው። ቤታችን ውስጥ የሚወራው አማርኛ ነው። እናቴ ወንድሜን ስትወልድ ታማ ሆስፒታል ሰነበተችና እኔ ጎረቤታችን ቤት ከረምኩ። ስመለስ እናቴን ውኃ የጠየቅኳት በአፋን ኦሮሞ ነበር አሉ። ጎረቤታችንን ሰፈሩ ሁሉ አዴ ይላታል፤ ትልቅ ሴት የሚከበርበት መጠሪያ ነው። እኔ ግን እንደ እናቴ አንቺ ነው የምላት። ከእኔ የሚያንስ፣ የመጨረሻ ልጇ የሆነ ወንድ ልጅ አላት፤ አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሁለታችንም ቤት ነው ድግስ የተደገሰው። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ጋሼ የምንላቸው ጉራጌ ባለሱቅ አሉ። እስላም ናቸው፤ ጾማችንን ከእኛ በላይ ያውቁታል፤ በጾም ወቅት የእናቴን ዘይት ሳትጠይቃቸው ያስቀምጡላት ነበር። ይህን ሁሉ ያኔ እንደ ልዩ ነገር የሚያወራው አልነበረም።

ነገሩ የተበላሸው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት፣ መንገድ ላይ ጎማ በሚቃጠልበት፣ ስልክ ያለው ሰው ኢንተርኔት በሚያጣበት ዓመት ነው። አንድ ጠዋት የፍርድ ቤቱ ኃላፊ ቢሯቸው ጠሩኝ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ሊነግሩኝ እንደከበዳቸው ያስታውቃል።

«የአማርኛ ባለጉዳይ እያነሰ ነው» አሉኝ። «አስተርጓሚ የሚለው መደብ ይታጠፋል። ወደ መዝገብ ቤት ብናዛውርሽስ? ደመወዝሽ አይነካም።»

«መዝገብ ቤት ምን እሠራለሁ?»

«ፋይል ታወጫለሽ፣ ትመልሻለሽ። እሱም ሥራ ነው።»

ከዚያ በፊት፣ በጓደኛዬ ጉትጎታ፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ ፍርድ ቤት ለአፋን ኦሮሞ አስተርጓሚነት ያወጣውን ፈተና ተፈትኜ ነበር። እዚያ ነገሩ ግልብጥ ነው፤ ችሎቱ አማርኛ ነው፣ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ለኦሮሞው ነው። ኃላፊው ባናገሩኝ በሳምንቱ ደውለው ማለፌን ነገሩኝ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ እንድሰጥ አሉ።

አዲስ አበባ የሚኖረው ወንድሜ ይህን ሲሰማ በስልክ ጮኸብኝ። «ምን ትጠብቂያለሽ? እማዬን ይዘሽ ውጪ። ቤቱን እንሸጠዋለን። ቀኑ መሽቶባችኋል እኮ!»

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ድምፁ እስከ እሷ ይሰማል። «ወዴት ነው የምወጣው?» አለች፣ ለእኔም ለእሱም ሳይሆን ለምስሩ። «እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

ወንድሜ የሚፈራው ከመሬት ተነስቶ አልነበረም። በዚያው ሰሞን ከሥራ ስመለስ በስልክ በአማርኛ እያወራሁ ስሄድ፣ መንገድ ዳር የቆሙ የማላውቃቸው ወጣቶች «ወደ አገርሽ ሂጂ!» አሉኝ። ዘወር ብዬ በአፋን ኦሮሞ «አገሬ የት እንደሆነ እስቲ አሳየኝ፤ ቤቴ ከዚህ ድልድይ በታች ነው» አልኩት ለተናገረው። ጓደኞቹ ሳቁበት። አንዱ «ይቅርታ እህቴ» አለኝ። ቤት እስክገባ ድረስ የምመልስበት ቋንቋ ባይኖረኝስ እያልኩ አስብ ነበር። ለእናቴ አልነገርኳትም። እናቴ አፋን ኦሮሞ ትሰማለች እንጂ ደፍራ አትናገርም።

ምን እንደምመልስ ሳልወስን የአዴ ልጅ ተያዘ። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ስለነበር ጎጆ በምትባል የገጠር ከተማ ከሚያርሰው ታላቅ ወንድሙ ዘንድ ሄዶ ድንች ሲያወጣ ከርሞ ነበር። ሲመለስ ጊንጪ ላይ ከአውቶቡስ አውርደው ወሰዱት። የት እንዳደረሱት የሚናገር ጠፋ። አዴ የአምቦን ፖሊስ ጣቢያዎች ሁሉ ዞረች። በኋላ አብሮት ታስሮ የተፈታ ሰው ደወለና አዲስ አበባ እንዳለ፣ ፍርድ ቤትም እንደሚያቀርቡት ነገራት።

አዴ እኛ ቤት መጣች። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አጥብቃ አስራ በር ላይ ቆመች።

«ነገ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አለችኝ። «የእኔ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው። ሽንኩርት ይገዛል እንጂ ልጅ አያስፈታም።»

እናቴ በሶ አዘጋጀች። ጋሼ ከሱቃቸው አዲስ ብርድ ልብስ አውጥተው በፌስታል ጠቅልለው አመጡ። አዴ ልትከፍል መቀነቷን ስትፈታ ተቆጧት። «ልጁ ያንቺ ብቻ ነው እንዴ?» ብለው ጥለውልን ሄዱ።

በመንገድ ላይ ኬላ በኬላ ነበር። አንዱ ጋ ወታደሩ የሁለታችንን መታወቂያ ጎን ለጎን ይዞ ብሔር የሚለውን መስመር አየ፤ ከዚያ ፊታችንን አየ።

«ምንና ምን ናችሁ?»

«ጎረቤታሞች ነን» አልኩት።

«ለጎረቤት ብለሽ ነው እዚህ ድረስ?»

አዴ በገበያ አማርኛዋ «መንገድ ሩቅ ነው፣ አሳልፈን» አለችው። አሳለፈን።

ችሎቱ ጠባብ ነበር፤ ሰው በሰው ላይ ነው የተቀመጥነው። ልጁ ከሌሎች ጋር ገባ። ፀጉሩን ላጭተውታል። ልጁ አማርኛ ይችላል፤ ከእኛ ጋር ተጫውቶ ነው ያደገው። ግን አስተርጓሚ ጠይቆ ነበር። በዚያ ሰዓት አንዲት ቃል ተሳስታ እንዳትወጣበት የፈራ ይመስለኛል።

ዳኛው የምትለው ካለ ተናገር አሉት። እሱም ተናገረ። አምቦ ጎማ ሲቃጠል እሱ ጎጆ ወንድሙ ጋ እንደነበር፣ መቼ እንደሄደ፣ ድንቹን የጫነላቸው ሾፌር ማን እንደሆነ፣ የወንድሙ ጎረቤቶች ሊመሰክሩለት እንደሚችሉ፣ ከአውቶቡስ ሲያወርዱት ጫማው ላይ የእርሻ ጭቃ እንደነበረ። ረጋ ብሎ፣ አንዱን ከአንዱ እያያያዘ ነው የተናገረው። እኔ በልቤ አብሬው እየተረጎምኩ ነበር፤ ልማድ ነው።

አስተርጓሚው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ጨርሶ እስኪናገር ጠበቁትና «አልነበርኩበትም ይላል» አሉ።

ያ ብቻ ነው። ውሸት አልነበረበትም፤ ግን ጎጆም፣ ሾፌሩም፣ ጭቃውም የሉበትም። ልጁ ቀና ብሎ አያቸው። «እንደሱ ብቻ አይደለም ያልኩት…» ብሎ በአማርኛ ጀመረ። ዳኛው «በአስተርጓሚ ነው የምትናገረው ወይስ በራስህ? አንዱን ምረጥ» አሉት። ደነገጠና አንገቱን ደፋ።

አዴ የተተረጎመው ምን ያህል እንዳጠረ ለመስማት ብዙ አማርኛ አላስፈለጋትም። ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ኢቲ ሂሚ!» አለችኝ፤ ንገሪያቸው ማለቷ ነው። «ኢቲ ሂሚ፣ ኢንተላ ኮ!» ልጄ እያለችኝ ነበር።

ተነሣሁ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሹ የተናገረው…» ከማለቴ ፖሊሱ ትከሻዬን ያዘ። ዳኛው ሳያዩኝ «ችሎት ነው፣ ተቀመጪ፤ ሁለተኛ ብትነሺ ትወጫለሽ» አሉ። ተቀመጥኩ። ለሌላ ቀን ተቀጠረና ልጁን ወሰዱት። በበሩ ሲወጣ እናቱን ፈልጎ አገኛት፤ በዓይኑ ደህና ነኝ ሊላት ሞከረ።

ሽማግሌውን አስተርጓሚ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፈው ውኃ ሲጠጡ አገኘኋቸው። በንዴት ነበር የሄድኩት፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ድምፄ ወረደ።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ልጁ እኮ ጎጆ ድንች ሲያወጣ እንደነበረ፣ ምስክሮችም እንዳሉት ተናግሯል።»

«ሰምቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩለትም?»

የጠርሙሱን ክዳን መልሰው ዘጉ። «የኔ ልጅ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ። ብቻዬን ነኝ። ዳኞቹ አሳጥር ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉንም እል ነበር። እየዋለ እያደረ ሲመጣ አንዱን ስታሳጥሪ ሁሉም ያጥራል።» ከዚያ ትኩር ብለው አዩኝ። «አንቺ ለፈተናው መጥተሽ አልነበረም?»

«መጥቼ ነበር። አልፌያለሁ።»

«አልፈሻል?» ደስም ያላቸው አልመሰለኝ፣ የከፋቸውም። «እንግዲህ አስቢበት። ሰው የሚበላ ሥራ ነው።» ሊሄዱ ሲሉ ዘወር አሉ። «በሚቀጥለው ቀጠሮ ምስክሮቹን አነሳለታለሁ። ለእናቱ ንገሪልኝ።»

ነገርኳት። ብርድ ልብሱንና በሶውን ለፍተሻ አስረክበን፣ ይድረሰው አይድረሰው ሳናውቅ፣ ከአስኮ መናኸሪያ አውቶቡስ ተሳፈርን። ሆለታን ስናልፍ አዴ በመስኮቱ እያየች በአፋን ኦሮሞ ጠየቀችኝ።

«ያለፍሽበት ሥራ የዚያ ሰውዬ ሥራ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ አምቦ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እናቴን ለማን ጥዬ ነው የምሄደው?»

«እኔ ሞቼአለሁ?» አለችኝ። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ ተቆጥታ ነበር። «ዛሬ የኔ ልጅ ነው እዚያ የቆመው። ነገ የሌላዋ ይቆማል። የሚናገረውን የምትናገሪለት አንቺ አምቦ ቁጭ ብለሽ ወረቀት ትጠብቂያለሽ!»

እውነቱን ለመናገር በዚያ ሰዓት ተናደድኩባት። ሸክሟን እኔ ላይ የጣለችው መሰለኝ። ደግሞ ብሄድ ሁሉም ሸሸች ነው የሚለው። ወንድሜ በመጨረሻ ነቃች ይላል። እነዚያ መንገድ ዳር ያገኙኝ ወጣቶች፣ ሂጂ ስላሉኝ የሄድኩ ይመስላቸዋል። ለማን ብዬ እንደሄድኩ የምታውቀው አዴ ብቻ ናት፤ እሷም ለማስረዳት የምትደክም ሰው አይደለችም። ብቀር ደግሞ መዝገብ ቤት ገብቼ፣ አቧራ እያራገፍኩ፣ ያንን «አልነበርኩበትም ይላል» የሚለውን ድምፅ ስሰማው ልኖር ነው።

ቀናቱ እንቅልፍ የሌላቸው ነበሩ። እናቴ አንድ ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳጥብ አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«አዴ ሁሉንም ነግራኛለች» አለች። «ሂጂ። እኔን ግን ከቤቴ አታንሱኝ። ወንድምሽም ይስማ።»

«ብትታመሚስ?»

«ብታመም እታመማለሁ። አዲስ አበባስ ሰው አይታመምም?»

ሄድኩ። ሥራ በጀመርኩ ቀን ለኃላፊዎቹ የአዴ ልጅ ጎረቤቴ መሆኑን ተናገርኩ፤ የእሱን ጉዳይ እንዳልይዝ ተደረገ። ሽማግሌው ቃላቸውን ጠበቁ። በቀጠሮው ቀን ከኋላ ቆሜ ሰማኋቸው፤ ጎጆንም ሾፌሩንም የወንድሙንም ጎረቤቶች አንድ በአንድ ተናገሩ። ጠቅሞት ይሁን አይሁን ግን አላውቅም። ከወራት በኋላ፣ ምስክር ሳይሰማ፣ እሱንም ሌሎች ብዙዎችንም ሂዱ ብለው ለቀቋቸው። ከስቶ፣ ሳል ይዞት ተመለሰ። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት አልሄደም። ጎጆ ወጥቶ ከወንድሙ ጋር ማረስ ጀመረ። እናቱ ለመነችው፣ እኔ ለመንኩት፤ «ጠመኔ ሳይ ያመኛል» ነበር መልሱ።

ሥራው ሽማግሌው እንዳሉት ነበር። የሰው ልጅ በየቀኑ እየመጣ በእኔ አፍ «እኔ» ይላል። አሳጥሪ ስባል ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ እጨርሳለሁ። ያልወደዱኝ ዳኞች ነበሩ፤ አንዱ ግን ከጊዜ በኋላ ሌላ አስተርጓሚ ሲያሳጥር «ይህ ሰውዬ ብዙ ነበር እኮ የተናገረው» ማለት ጀምረው ነበር። የደከመኝ ቀን «ይላል» የምትለዋ ቃል ከንፈሬ ላይ ትመጣለች። ያኔ እደነግጣለሁ።

ቅዳሜና እሁድ አምቦ ነበርኩ። እያደር ግን መንገዱ የማይታመን ሆነ። አንዳንዴ አውቶቡስ ጊንጪ ላይ ይቆማል፤ አንዳንዴም ከአስኮ የሚነሣ መኪና ይጠፋል። እናቴ የታመመችው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። አዴ ደውላ «ነይ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። ከወንድሜ ጋር በማለዳ አስኮ ሄድን። መኪና የለም። የሚሄድ ሾፌር ብንፈልግ፣ ያገኘነው ሁሉ «ሕይወቴን የት አግኝቼ?» ይለናል። የአምቦ ስልክም ተቋረጠ። ቁጥሩን እየደጋገምን፣ መናኸሪያው ግንብ ላይ ተቀምጠን ዋልን። መስመሩ ሲመለስ ያነሱት ጋሼ ናቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «የት ነሽ? ቁጭ ብለሻል?»

የተቀበረችው በማግስቱ ነው። እኔም ወንድሜም አልነበርንም።

መንገዱ ተከፍቶ ስንደርስ ሐዘኑ ያለቀ፣ ድንኳኑም የተነቀለ መስሎን ነበር። ድንኳኑ ቆሟል። ሦስተኛው ቀን ሲያልፍ የእድሩ ሰዎች ሊነቅሉት መጥተው አዴ ከለከለቻቸው። «ልጆቿ ሳይመጡ ማን አለቀሰላትና ነው?» አለቻቸው። ጋሼ ለቅሶ የሚደርሰውን ሰው ከመንገድ እየተቀበሉ ያስቀምጡ ነበር። እኛን ሲያዩ ሰፈሩ ሁሉ ተነሥቶ፣ እናቴ የዚያን ዕለት የሞተች ይመስል፣ እንደገና አለቀሰ። አማርኛውም አፋን ኦሮሞውም ተቀላቅሎ ነበር። የአዴ ልጅ መኪና አጥቶ ከጎጆ በእግሩና በፈረስ ወርዶ መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ ነበር። መዳፉ ተልጦ በጨርቅ ጠቅልሎታል። ወንድሜ ያንን እጅ ይዞ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም።

አዴ ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት ነገረችኝ። እናቴ ብርቱካን አምሯት ነበር፤ ጭነት ስላልገባ ከተማው ውስጥ ብርቱካን የለም። ጋሼ በየቤቱ እየዞሩ ጠይቀው አንዲት የደረቀች አገኙ። አዴ ጨምቃ በማንኪያ ሰጠቻት። «ጎምዛዛ ነው አለች» አለችኝ አዴ። «ግን ጠጣችው።» ይህን ስትነግረኝ ነው ያለቀስኩት፤ ድንኳኑ ውስጥ ሳለሁ ጮኼ እንጂ አላለቀስኩም ነበር።

ባልሄድ ኖሮ ያንን ማንኪያ እኔ እይዘው ነበር እያልኩ አስባለሁ። ዛሬም አስባለሁ። በዚያ ምትክ ችሎት ቆመው በእኔ አፍ የተናገሩትን ሰዎች ቆጥሬ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ፤ አይሆንልኝም፤ ሁለቱ የሚመዛዘኑ ነገሮች አይደሉም። አዴንም ለምን ሂጂ አልሽኝ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ምን እንደምትመልስ አውቃለሁ፤ እሷም መጠየቅ እንደምፈልግ ታውቃለች። አንዳንዴ ስንቀመጥ ያ ነገር መሀላችን ይቀመጣል።

ቤቱ አልተሸጠም። ወንድሜ ሁለተኛ አላነሳውም። የእድሩ ሊቀመንበር በእናቴ ፈንታ ስሜን ሊያስገባ ሲል፣ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ለቅሶ እንዴት ይደርሳል ብለው የተከራከሩ ነበሩ። አዴ «ቅርብ ካለች ትመጣለች፣ ሩቅ ከሆነች እኔ እቀመጥላታለሁ» ብላ አሳለፈችው። እንዳለችውም ብዙ ለቅሶ ተቀምጣልኛለች። ከአምቦ በማለዳ ሲደወልልኝ፣ ከማንሳቴ በፊት መንገዱ ክፍት ይሆን ዝግ እያልኩ አስባለሁ። ባለፈው የተደወለልኝ የጋሼ ባለቤት ሲያርፉ ነው። የያዝኩትን ጉዳይ ለባልደረባዬ ሰጥቼ አስኮ ሮጥኩ። የዚያን ቀን መኪና ነበር። ቀብሩ ሳይወጣ ደረስኩ፤ ጋሼ ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር፣ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ።